«ቀናው»ና «ቀናበት»



«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቃል አንድ ጊዜ ከአንደበት ካመለጠ በኋላ የሚመልሰው ስለሌለ፣ ሰው ሲመርቅም ኾነ ሲወቅስ ቃሉን መርጦ እንዲናገር ሲያስጠነቅቁ ነው። እኛም የሰውን ቃል በመዝገብ ስንጽፍ የምንውል ሰዎች ስለ ኾንን፣ አንዲት ቃል ስንቱን እንደምታስታርቅና ስንቱን እንደምታጣላ በየቀኑ እናያለን። ስለዚህ በዛሬው በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ መልካም ምኞት ቃል ጥቂት ነገር ለማውሳት አሰብን።

ለዚህም ያነሣሣን አንድ የሚያስገርም ልማድ ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ አገር አንድ ተዋናይ ወደ መድረክ ሊወጣ ሲል ወዳጁ «ይቅናህ» በማለት ፈንታ «እግርህን ስበር» ይለዋል። ይህን የሚለው ጠላቱ አይደለም፤ እጅግ የሚወደው ባልንጀራው ነው። በመድረክ ሰዎች ዘንድ «መልካም ዕድል ይግጠምህ» ብሎ በግልጥ መናገር እንደ ነውር ይቈጠራል፤ መዓትም ይጠራል ይባላል።

ዛሬ ልጆቻችን በየትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ይማራሉ፤ በወላጆች ቀንም ድራማ ይሠራሉ። እንግዲህ አንድ የአጣዬ ተማሪ ከመጋረጃው በስተኋላ ቆሞ ለጓደኛው «እግርህን ስበር» ሲለው አያቱ ቢሰሙት ምን ይላሉ? «ኧረ ምን ያለው ሟርተኛ ነው! አታሟርት!» ብለው እንደሚቈጡ የታወቀ ነው። እርሳቸው ልጁን በማለዳ ከቤት ሲሸኙት «እንቅፋት አይምታህ» ብለው ነበርና፣ የልጁ ንግግር የእርሳቸውን ምርቃት ገልብጦ የተናገረ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የነገሩን ሥር ብንመረምረው፣ የአያቲቱ ልማድና የባሕር ማዶው ተዋናይ ልማድ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ኾነው እናገኛቸዋለን።

አስቀድመን የራሳችንን እንመልከት። የአገራችን ሰው ለእያንዳንዱ ሥራና ለእያንዳንዱ ሰዓት የተለየ የምርቃት ቃል አለው። መንገደኛውን «በሰላም ያግባህ» ብሎ ይሸኘዋል። ምጥ የያዛትን ሴት ጎረቤቶቿ ተሰብስበው «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይለምኑላታል፤ በደኅና ከተገላገለችም በኋላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሏት፣ እርስዋ «ማርያም ታኑራችሁ» ብላ ትመልሳለች። በአውድማው ላይ እህሉን ሲያበራይ ያገኙትን ገበሬ «ይበርክት» ይሉታል። በማዕድ ላይ ያለ ሰው «እንብላ» ቢል፣ መጪው እንግዳ «ይባረክ» ይላል። ላስነጠሰው «ይማርህ»፣ ላዘነው «ያጽናህ» ይባላል። ሽማግሌ ወጣቱን ሲመርቅ ደግሞ «የማታ እንጀራ ይስጥህ» ይለዋል፤ ይህም በጉብዝና ጊዜ የሚገኝ ሀብት ሊጠፋ ስለሚችል፣ ጉልበት በደከመበት በእርጅና ዘመን የሚበላ እንጀራ ይበልጣል ማለት ነው።

በዚህ በይፋት ቆላ ደግሞ የምርቃቱ ቃል ከብዙ ወንዝ የተቀዳ ነው። ከአጣዬ አቅራቢያ በሰንበቴ እሑድ እሑድ በሚቆመው ገበያ ላይ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ይገናኛሉ። እስላሙ ያማረ ነገር ሲያይ «ማሻ አላህ» ይላል፤ ሊሠራ ያሰበውንም ነገር «ኢንሻ አላህ» ብሎ ይናገራል። ክርስቲያኑም «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ይላል። የሃይማኖቱ ቃል ቢለያይ፣ ሰው በራሱ ጉልበት ብቻ እንዳይመካ መከልከሉ አንድ ነው። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በእሳት የተጎዳችበትን ጊዜ ያየ ሰውም፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ «ሰላም ያውለን፣ ሰላም ያሳድረን» ማለቱ ባዶ የአፍ ልማድ እንዳልኾነ ያውቀዋል።

ከእነዚህ ኹሉ ይልቅ ለዛሬው ነገራችን የሚስማማው ቃል «ይቅናህ» የሚለው ነው። ለነጋዴ፣ ለአዳኝ፣ ለተሟጋች፣ ለፈተና ለሚቀመጥ ተማሪ ኹሉ ይባላል። ትርጉሙም መንገድህ አይጠምም፣ ሥራህ የቀና ይኹን ማለት ነው። የተሳካለትን ሰው «ቀናው» እንለዋለን። ኾኖም በአማርኛችን «ቀና» የሚለው ድምፅ ሌላም ፍቺ አለው። በባልንጀራው ሀብት ዓይኑ የቀላውን ሰው «ቀናበት» እንላለን፤ «ቅናት» የሚለውም ስም ከዚህ ይወጣል። እነሆ መሳካትና ምቀኝነት በአንድ ድምፅ ውስጥ እንደ ኹለት ጎረቤቶች ግድግዳ ተጋርተው ተቀምጠዋል። አንዱ «ቀናው» በተባለበት ቤት ደጃፍ ላይ ሌላው «ቀናበት» ኾኖ ይቆማል። ሰው የወዳጁን መልካም ነገር በግልጥ ከመናገር እንዲፈራ ያደረገው ይኸው ጕርብትና ነው።

ከዚህ ፍርሃት የተነሣ የአገራችን ሰው መልካሙን ነገር በክፉ ስም መሸፈን ለመደ። ልጆች እየሞቱባት የተቸገረች እናት አዲስ የወለደችውን ልጅ በተዋረደ ስም ትጠራው ነበር፤ ሞትም ኾነ ክፉ ዓይን «ይህማ የማይረባ ነው» ብሎ እንዲያልፈው ነው። ፊቱ ያማረውን ሕፃን እያዩ ማሞገስ አይገባም፤ ቢያሞግሱትም «ከዓይን ያውጣው» ወይም «እግዜር ያሳድገው» ብለው ማተም ያስፈልጋል። በአንገቱም ላይ ክታብ ይንጠለጠልለታል። ሽማግሌ ሲመርቅ ደግሞ «እትፍ፣ እትፍ» ይላል፤ በብዙ ስፍራም ይህ «ቱፍታ» ይባላል። ምራቅ ሌላ ጊዜ የንቀት ምልክት ሲኾን፣ በምርቃት ጊዜ ግን የበረከት ማኅተም ይኾናል።

ይህን ካስተዋልን በኋላ ወደ ባሕር ማዶ ብንሻገር የምናገኘው ነገር አያስደንቀንም። በጀርመንና በኦስትርያ የሚገኙ የመድረክ ዘፋኞች ባልንጀራቸውን ሲሸኙ «ቶይ፣ ቶይ፣ ቶይ» ይላሉ፤ ይህም ሦስት ጊዜ እትፍ የማለት ድምፅ ነው። የእኛ ሽማግሌና የቪየና ዘፋኝ ተያይተው ባያውቁ እንኳ በአንድ ቋንቋ መርቀዋል ማለት ነው። የኢጣልያ ሰው ደግሞ «በተኩላ አፍ ግባ» ይላል፤ ተመራቂውም «አመሰግናለሁ» አይልም፤ «ተኩላው ይሙት» ብሎ ይመልሳል። የሩስያ ሰው «ጠጕርም ላባም አታግኝ» ይላል፤ ይህ ከአዳኞች የተወረሰ ነው። አዳኙ ብዙ አውሬና ወፍ እንዲገድል በግልጥ ቢመኙለት የዱሩ መንፈስ ሰምቶ ያሰናክለዋል ብለው ስለ ፈሩ፣ ባዶ እጁን እንዲመለስ የሚመኙ መስለው ይሸኙት ነበር። ፈረንሳዮች ግን በመድረክ በስተኋላ የሚባባሉት ቃል በዚህ ገጽ ሊጻፍ የማይገባው የፋንድያ ስም ነው። ምክንያቱን ሲናገሩ፣ በድሮ ዘመን ተመልካች በሠረገላ ይመጣ ስለ ነበር፣ በቴአትሩ ደጅ የፈረስ ፋንድያ ሲበዛ ተመልካቹም እንደ በዛ ይታወቅ ነበር ይላሉ።

የመድረክ ሰዎች ከሌላው ሠራተኛ ይልቅ እንዲህ የሚፈሩት ስለ ምንድን ነው? ሥራቸው በአንዲት ሌሊት የሚነሣና የሚወድቅ ስለ ኾነ ነው። ገበሬ ዘንድሮ ቢያጣ ለከርሞ ይዘራል፤ ጸሓፊ ቢሳሳት ፍቆ ያርማል። ተዋናይ ግን ቃሉን በሕዝብ ፊት ቢረሳ የሚያርምበት ጊዜ የለውም። ከዚህም በላይ ቴአትር ቤት በእውነት የሚያስፈራ ስፍራ ነበር። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1881 የቪየናው ሪንግ ቴአትር፣ በ1903 ደግሞ የቺካጎው ኢሮኮይ ቴአትር ተቃጥለው በመቶ የሚቈጠር ሕዝብ አልቋል። በቺካጎው ብቻ የሞተው ሰው ወደ 600 ይደርሳል። የመጋረጃው ጨርቅ፣ የቀለም ሥዕሉ፣ የመብራቱ ነበልባል በአንድነት በተሰበሰቡበት ስፍራ የሚሠራ ሰው የሚናገረውን ቃል ቢመርጥ አይፈረድበትም።

አኹን ደግሞ «እግርህን ስበር» የሚለው ቃል ከወዴት እንደ መጣ እንመርምር። ስለዚህ ቃል የሚተረከው ታሪክ ብዙ ነው፤ ኹሉም ጣፋጭ ነው። ነገር ግን በፍርድ ቤት ጣፋጭ አነጋገር ምስክር አይኾንም። ምስክር ሲጠየቅ «መቼ አየህ? ከወዴት ሰማህ?» መባሉ አይቀርም። የቃልንም ታሪክ እንዲሁ መጠየቅ ይገባል።

የመጀመሪያው ምስክር እንዲህ ይላል። በፈረንጆች 1865 በዋሽንግተን በፎርድ ቴአትር የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከንን የገደለው ጆን ዊልክስ ቡዝ ራሱ ተዋናይ ነበር፤ ከገደለም በኋላ ወደ መድረኩ ሲዘል እግሩ ተሰበረ፤ ቃሉም ከዚያ ተወለደ። ይህ ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ይወድቃል። ቃሉ ከዚያ ሌሊት ተወልዶ ቢኾን፣ ከዚያ በኋላ ባሉት በብዙ ዓሥርት ዓመታት ውስጥ በተጻፉት የመድረክ ሰዎች ደብዳቤዎችና ጋዜጦች ውስጥ በተገኘ ነበር፤ በምኞት ቃልነቱ ግን አይገኝም። ደግሞስ የነፍሰ ገዳይን ስብራት ለወዳጁ የሚመኝ ማን ነው?

ኹለተኛው ምስክር፣ ተዋናይ በጨዋታው ፍጻሜ ለሚያጨበጭበው ሕዝብ ጕልበቱን አጥፎ እጅ ስለሚነሣ፣ «እግርህን ስበር» ማለት «ብዙ ጊዜ እጅ እንድትነሣ ያድርግህ» ማለት ነው ይላል። ይህ ከፊተኛው ይሻላል፤ ነገር ግን ፍቺው ካለፈ በኋላ የተበጀ ይመስላል።

በጽሑፍ የሚገኘው ማስረጃ ግን ወደ ሌላ ስፍራ ይመራናል። በፈረንጆች 1921 አየርላንዳዊው ጸሓፊ ሮበርት ሊንድ «ኒው ስቴትስማን» በተባለው መጽሔት ስለ አጉል እምነት ሲጽፍ፣ በፈረስ እሽቅድምድም ሰዎች ዘንድ መልካም ዕድል መመኘት መጥፎ እንደ ኾነና፣ በዚያ ፈንታ እግር ይሰበር የመሰለ የስድብ ቃል መናገር እንደሚገባ ገልጧል። ቃሉ እንግዲህ በዚያ ጊዜ የሚነገረው ስለ ፈረስ ነበር። በ1939 ደግሞ አሜሪካዊቱ ደራሲ ኤድና ፈርበር በሕይወት ታሪኳ ውስጥ፣ ተተኪ ተዋንያን ከአዳራሹ በስተኋላ ተቀምጠው ዋነኞቹ ተዋንያን እግራቸው እንዲሰበር በትሕትና ሲመኙ ጽፋለች። እነዚህ ሰዎች የሚመኙት እውነተኛውን ስብራት ነው፤ ዋነኛው ካልወደቀ ተተኪው አይወጣምና። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አስተውል፤ አንዱ ለወዳጁ «ይቅናው» ብሎ የሚለውን ቃል፣ ሌላው «ስለ ቀናበት» ይለዋል። ሰሙ አንድ ኾኖ ወርቁ ኹለት ነው።

ከኹሉ የሚያስደስተን ግን የመጨረሻው ምስክር ነው። ጀርመኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላን ነጂዎቻቸውን ሲሸኙ «አንገትና እግር ይሰበር» ይሏቸው ነበር፤ ይህም ቃል እስከ ዛሬ በአገራቸው ይነገራል። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስቡት፣ ይህ የጀርመን ቃል የተወለደው በስሕተት ከተሰማ የዕብራይስጥ ምርቃት ነው። በጀርመን አገር የነበሩት አይሁድ እርስ በርሳቸው «ሃጽላሓ» እና «ብራኻ» እየተባባሉ፣ ማለት ክንውንና በረከት እየተመኙ ይለያዩ ነበር። ጎረቤታቸው ጀርመን ቋንቋውን ስለማያውቅ «ብራኻ» የሚለው «ብሩኽ» ከሚለው ከራሱ ቃል ጋር ተመሳሰለበት፤ ይህም በእርሱ ቋንቋ ስብራት ማለት ነው። የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ሰው «ብራኻ» የሚለውን ሲሰማ ወዲያው ያውቀዋል፤ የእኛው «በረከት» ነው። ግዕዛችንና ዕብራይስጥ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸውና። ይህ ምስክር እንደ ተናገረው ከኾነ፣ ያ አያቲቱን ያስቈጣው «ስብራት» ከሥሩ ሲታይ እርሳቸው በየቀኑ የሚሉት «በረከት» ነበር።

ከመልካም ምኞት ቃል ጋር የሚዛመድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ይኸውም የየሙያው ስውር ቋንቋ ነው። የመድረክ ሰዎች እርስ በርሳቸው ብቻ የሚያውቁት ቃል አላቸው። በእንግሊዝ ቴአትር «መንፈሱ ዛሬ ይመላለሳል» ማለት «ዛሬ ደመወዝ ይከፈላል» ማለት ነበር፤ በሼክስፒር «ሐምሌት» ውስጥ የሟቹ ንጉሥ መንፈስ በመድረኩ ላይ ስለሚመላለስ ከዚያ የተወሰደ ቀልድ ነው። በመድረክ ላይ ማፏጨትም ክልክል ነው። ምክንያቱን ሲናገሩ፣ በድሮ ጊዜ የመጋረጃውን ገመድ የሚስቡት መርከበኞች የነበሩ በፉጨት ስለሚግባቡ፣ ያለ ቦታው ያፏጨ ሰው ከባድ ዕቃ በራሱ ላይ ያወርድ ነበር ይላሉ። በእኛም አገር አያቶች ልጆችን «በሌሊት አታፏጭ» ይላሉ፤ ምክንያቱ ግን ገመድ ሳይኾን ሰይጣን ነው።

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ቴአትር ዕድሜ አጭር ቢኾን፣ የስውር ቃሉ ዕድሜ ግን ረዥም ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር የተባለው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል ታየ። በአውሬዎች አፍ የሰውን ጕድለት የሚናገር ስለ ነበር ወርቁ ቶሎ ተገኘ፤ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥትም ታገደ። ከዚያ በኋላ በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ቤት ተከፈተ።

ነገር ግን ከእነዚህ ኹሉ አስቀድሞ መድረክ የሌላቸው ተዋንያን ነበሩን። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በየጠጅ ቤቱና በየመኳንንቱ ግብር ይጫወት ነበር። ስሙ «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ቃል የወጣ፣ ለመዝሙርም የሥጋ ዘመድ የኾነ ሲሆን፣ ሰው ግን የስድብ ስም አደረገው። አዝማሪዎች በጌቶች ፊት ቆመው ስለ ዋጋና ስለ ሽልማት የሚመካከሩበት የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ የአማርኛውን ቃል ፊደሉን አዛብተው፣ ጨምረውና አለዋውጠው ይናገሩታል። እንደዚሁም ነጋዴዎችና በዛር የተያዙ ሰዎች የየራሳቸው ስውር አነጋገር ነበራቸው። ቮልፍ ሌስላው የተባለው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ይህን ኹሉ መርምሮ በፈረንጆች 1964 ስለ ኢትዮጵያ ስውር ቋንቋዎች መጽሐፍ አሳትሟል። ሐሚና ወይም ላሊበላ የሚባሉትም ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ ቆመው ዘፍነው፣ ምጽዋት ሲሰጣቸው መርቀው የሚሄዱ ነበሩ፤ ምርቃትን ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች ማለት ነው።

በከተማም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው አራዳ የተባለው ሰፈር የገበያና የወሬ መናኸሪያ ስለ ነበር፣ የከተማውን ጥበቃ «የአራዳ ዘበኛ»፣ ነቃ ያለውንም ወጣት «የአራዳ ልጅ» አሰኘ። ከዚያ የተወለደው የወጣቶች አነጋገር ወዳጅን «ጀለስ»፣ ያልነቃውን «ፋራ» ይላል። ትንንሾቹ ልጆች ደግሞ በየቃሉ መካከል ፊደል እየሰኩ «የወፍ ቋንቋ» ይጫወታሉ። ወላጆች ይህን ሲሰሙ ቋንቋ ጠፋ ብለው ይደነግጣሉ። ነገር ግን ቅኔ የተማረ ሰው ለምን ይደነግጣል? እርሱም በሰም ሸፍኖ ወርቁን ለሚያውቀው ብቻ ይሰጥ የለምን? ለልጅ ልናስተምረው የሚገባን፣ ስውሩን ቃል በስፍራው፣ ግልጡንም ቃል በስፍራው መናገርን ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገራችን የጨዋታ ነበር። ኾኖም ይህ የክፉ ዓይን ፍርሃት ሰውን የጎዳበት መንገድ ስላለ ሳንናገረው ማለፍ አይገባንም። ሰው «ዓይን ይበላል» ብሎ ካመነ በኋላ ወዲያው «የማን ዓይን?» ብሎ ይጠይቃልና። በአገራችን ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ብዙ ዘመን ግፍ የመላበት ነበር። ማረሻ የሚቀጠቅጥልንን ብረት ሠሪ፣ ምጣድ የምትሠራልንን ሸክላ ሠሪ፣ ሸማ የሚሠራልንን ሸማኔ «ቡዳ ነው፤ በሌሊት ጅብ ይኾናል» እያልን፣ በጋብቻና በማዕድ ራቅናቸው።

በአንድ እሑድ በሰንበቴ ገበያ ያየነው ነገር እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም። አንዲት እናት ልጅዋን አዝላ ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ጀበና ትገዛ ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ልጁን አይታ ፈገግ ብላ፣ «እሰይ! እንዴት ያለ የሚያምር ልጅ ነው!» አለች። እናቲቱ ደንግጣ በነጠላዋ የልጁን ፊት ሸፈነች፤ ዋጋውን የከፈለችበትንም ጀበና ትታ ሄደች። ሸክላ ሠሪዋ ጀበናውን በእጅዋ እንደ ያዘች አጠገቧ ላለችው ሴት፣ «እኅቴ፣ ጀበናዬ ቡናዋን ታፈላላታለች፤ ዓይኔ ግን ልጅዋን ይገድልባታልን? እኔስ ልጅ ወልጄ የለምን?» አለቻት። የሰማ ኹሉ ዝም አለ። እናቲቱ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ልጅዋን የምትወድ ነበረች። ነገር ግን የአንዲቱ እናት ፍቅር የሌላይቱን እናት ልብ ሰበረ። ይህ ስብራት ደግሞ የምኞት ቃል አይደለም፤ እውነተኛ ስብራት ነው።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ፣ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለው ነበር። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን እያዋረዱ አገር ሊለማ እንደማይችል ተረድተውታልና። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ዛሬም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስድብንና ስም ማጥፋትን ይቀጣል። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው እስከ አፍ ድረስ ነው፤ ነጠላውን በልጁ ፊት ላይ የሚስበውን እጅ የሚይዝ ግን የቤት አስተዳደግ ብቻ ነው። ልጅም የታመመ እንደ ኾነ በሽታው የሚታወቀው በሐኪም ምርመራ እንጂ በገበያ ያሞገሰውን ሰው በመፈለግ አይደለም። በዚህ ፍለጋ ምክንያት ወደ ሐኪም ሳይደርስ የዘገየ ሕፃን ስንት እንደ ኾነ እናቶች ያውቁታል።

ስለዚህ የምንመክረው ይህ ነው። ምርቃቱን እንያዘው፤ ፍርሃቱን እንተወው። «ከዓይን ያውጣው» ማለት ፍቅር የተሞላ የአያቶች ቃል ነውና ይባል፤ ነገር ግን ዓይኑ የዚያ ሸማኔ ወይም የዚያች ሸክላ ሠሪ ነው ብለን በልጆቻችን ፊት አንጠቍም። ልጅ የሚማረው ከተነገረው ይልቅ ካየው ነውና፣ ሸክላ ሠሪዋ ልጃችንን ስታሞግስ «አሜን፤ ያንቺንም ያሳድግልሽ» ብለን እንመልስላት። በዚህች አንዲት መልስ ውስጥ ምርቃቱም አለ፤ ሰውን ማክበሩም አለ።

ልጃችን በትምህርት ቤት መድረክ ላይ ሊወጣ የተነሣ እንደ ኾነም፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ጓደኛው እንደ ልማዱ «እግርህን ስበር» ቢለው አንቈጣው፤ የባሕር ማዶ ሰም ነው፤ ወርቁ ምናልባት የእኛው በረከት ነው። እኛ ግን በቋንቋችን የምንሸኝበት ቃል አላጣንም። ልብሱን አስተካክለን፣ ግንባሩን ስመን «ይቅናህ» እንበለው። ከመድረክ ሲወርድም ቢሳካለት «እሰይ፣ ቀናህ» እንበለው፤ ባይሳካለት ደግሞ «ለከርሞ ያድርስህ» እንበለው። የጎረቤቱ ልጅ ከእርሱ በልጦ የተጨበጨበለት እንደ ኾነ ግን፣ ያን ጊዜ በልጃችን ልብ ውስጥ ኹለቱ ቃሎች፣ «ቀናው»ና «ቀናበት»፣ በአንድ በር ላይ ይገናኛሉና፣ እጁን ይዘን ወደ ባልንጀራው ዘንድ ወስደን «እንኳን ደስ ያለህ» እንዲለው እናስተምረው። ከምርቃት ኹሉ የሚከብደው፣ ከክታብም ኹሉ ይልቅ ልጅን የሚጠብቀው ይህ ነው።

ለአንባቢዎቻችንም ኹሉ በያሉበት ይቅናቸው።